ያልነዳሁት መኪና

እያሽከረከሩ ስልክ የሚነካኩ ሾፌሮች ላይ ሕጉ ይጥበቅ የሚል ወሬ ሬዲዮ ላይ በተነሳ ቁጥር ባለቤቴ ተነስታ ሬዲዮኑን ትዘጋዋለች። እኔ ደግሞ መልሼ እከፍተዋለሁ። በዚህ የተነሳ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። እሷ እንድረሳው ብላ ነው። እኔ ግን ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል የደረሰብኝን ነገር መርሳት አልቻልኩም፤ መርሳትም አልፈልግም።

ከማል እባላለሁ። ጌጃ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ጫማ ሰሪ ነኝ። መኪና መንዳት አልችልም። በሕይወቴ መሪ ጨብጬ አላውቅም፤ ብስክሌት እንኳ በቅጡ አልነዳም። ይህችን ነገር አደራ ያዙልኝ።

የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ የጫማ ሶል ልገዛ ወጥቼ፣ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወደ ታች በሚወርደው ቁልቁለት መንገድ ለመሻገር ቆሜአለሁ። አጠገቤ እትዬ ዘርፌ አሉ። መንገድ ዳር ጎመንና ቃሪያ የሚቸረችሩ የሰፈራችን እናት ናቸው፤ ሳይቀልዱብኝ አልፈው አያውቁም። "አንተ ከማል፣ የሰው ጫማ ስትሰፋ የራስህ አለቀ እኮ!" አሉና እየሳቁ ቀድመውኝ ወደ ዜብራው ገቡ።

አንድ ነጭ የቤት መኪና ከላይ እየመጣ ነበር። ሾፌሩን በደንብ አይቼዋለሁ። ሸሚዙን ጥሩ አድርጎ የተኮሰ ወጣት ነው። መሪውን በክርኑ ደግፎ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ይጽፋል። ያውም እየሳቀ። ምን ተጽፎለት እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር። "እትዬ!" ብዬ ጮህኩ። ዞር ብለው ሊያዩኝ ሲሉ ገጫቸው።

የሰማሁትን ድምፅ ልነግራችሁ አልፈልግም። መኪናው ወደፊት ወረወራቸውና መልሶ ደረሰባቸው፤ የፊት ጎማው እግራቸው ላይ ወጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ወረደ። አያቸው። አንዲት ሴት ከማዶ "ገደላት! ገደላት!" እያለች ስትጮህ፣ በሩን እንደከፈተ ጥሎ በቅያሱ ፈረጠጠ።

የእጅ ፍሬን እንኳ አልያዘም። መኪናው ቁልቁለቱን ይዞ ቀስ እያለ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጎማው የእትዬ ዘርፌን ቀሚስ እየጠቀለለ ወደ ወገባቸው ሲሄድ አየሁ። እሳቸው በእጃቸው ይገፉታል፤ መኪና በእጅ ይገፋ ይመስል።

ዘልዬ ገባሁ። ታክሲ ተሳፍሬ ጋቢና ስቀመጥ ሾፌሮቹ የእጅ ፍሬኑን ሲስቡ አያለሁና እሱን በሁለት እጄ ጎተትኩት። አልሐምዱሊላህ፣ ቆመ። የሾፌሩ ስልክ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ መልእክት በመልእክት ላይ እየገባ ይጮሃል። ምነው እጄን በሰበረው! አምቡላንስ ልጥራበት ብዬ አነሳሁት።

ሰዉ የደረሰው ይሄኔ ነው። ከታክሲ ሰልፉ ይሁን ከየሱቁ፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ያየው ግን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አስፋልት ላይ በደም የተነከሩ እናት አየ። መሪው ላይ የተቀመጠ፣ ስልክ በእጁ የያዘ ሰው አየ።

"እዩት! አሁንም ስልኩን አልለቀቀም!" አለ አንዱ።

በኮሌታዬ ጎትተው አወረዱኝ። ጃኬቴን ገልብጠው ጭንቅላቴ ላይ ጠመጠሙት፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚመታኝ አላየሁም። ቡጢውን ተከትሎ እርግጫው መጣ። ድንጋይ ይሁን ብረት የማላውቀው ነገር ጆሮ ግንዴን አገኘኝ። "እኔ አይደለሁም!" እላለሁ። "ያንተ ቢጤ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው!" ይሉኛል። ጎድኔ ሲቀጭ ተሰማኝ። አንድ ጫማ አፌ ላይ አረፈና የፊት ጥርሶቼን ይዟቸው ገባ። ደሜን እየዋጥኩ ሸሃዳ ያዝኩ። መሞቴ ነው ብዬ ነበር። ሰው ሲሞት ልጆቹን ያስባል ይባላል፤ እኔ ያንገበገበኝ ግን በሌላ ሰው ጥፋት መሞቴ ነበር።

ድንገት የሆነ ከባድ ነገር ላዬ ላይ ወደቀ። እትዬ ዘርፌ ናቸው። በዚያ በተሰባበረ እግራቸው፣ አስፋልቱን በክርናቸው እየቧጠጡ ተጎትተው መጥተው ተኙብኝ። "ልጄን ገደላችሁት! ልጄ ነው! ወይኔ ልጄን!" እያሉ ይጮሃሉ።

ዱላው ቆመ። "ልጇ ነው እንዴ?" አለ አንድ ድምፅ።

እኔ ልጃቸው አይደለሁም። እትዬ ዘርፌ አንገታቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ ሴት ናቸው፤ እኔ የወሎዬው የሐጂ ሁሴን ልጅ ነኝ። በኋላ ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃቸው፣ "እሱ አይደለም እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ፤ ማን ሰማኝ? ልጄ ስል ነው የሰሙኝ" አሉ።

ሰዉ እንደ አመጣጡ ተበተነ። ይቅርታ ያለኝ አልነበረም። በኋላ የደረሱት ፖሊሶችም ሾፌሩ መስያቸው ከሕክምና በፊት ጣቢያ ወሰዱኝ። ስንገባ ያ ወጣት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የታሸገ ውኃ ይጠጣል። ለካ ከቁልቁለቱ ሮጦ በቀጥታ ወደ ጣቢያው መጥቶ እጁን ሰጥቷል። ሸሚዙ እንኳ አልተጨማደደም። እኔን ሲያይ ነገሩ ገባውና ብድግ አለ።

"ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ቆሜ ቢሆን ይገሉኝ ነበር" አለኝ።

ልሰድበው አፌን ስከፍት ደም ብቻ ወጣ። የሚያናድደኝ ደግሞ የተናገረው እውነት መሆኑ ነው። ቆሞ ቢሆን ይገሉት ነበር።

እሱ በዋስ ወጣ። ቤተሰቦቹ ለእትዬ ዘርፌ ሽማግሌ ልከው ታረቁ፤ እሳቸው ዛሬም በክራንች ነው የሚሄዱት። ወደ እኔ ግን ማን ሽማግሌ ይልካል? እሱ አልመታኝም። የመቱኝን አላውቃቸውም።

ድኜ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ የቆየ ደንበኛዬ መጣ። ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ የሚሠራ፣ ጨዋ የምለው ሰው ነው። ቡናማ ጫማውን በፌስታል ይዞ፣ "ከማል፣ ጠፋህ እኮ! ይህችን ስፋልኝ እስቲ፤ ቤት ተቀምጣ ከረመች" አለኝ። የቀኙ አፍንጫ ተተርትሯል።

"ምን መታህበት?" አልኩት ለጨዋታ ያህል።

"አልሰማህም እንዴ? እዚህ ቁልቁለቱ ላይ ሴትዮ የገጨውን ሾፌር ነዋ! ስልኩን እንደያዘ እኮ ነው የተገኘው፤ እኔ ስደርስ ጃኬቱን ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥመውት ነበር። ሁለተኛ እንዳይለምደው አድርጌ ነው የሰጠሁት!" አለና ሳቀ። "ምን ታደርገዋለህ፣ ሕጉ እስኪጠብቅ ድረስ ሕጉ እኛው ነን።"

መዶሻዬ አጠገቤ ነበር፤ አልዋሽም፣ አይቼዋለሁ። ከዚያ አፌን በሰፊው ከፈትኩና በጣቴ አሳየሁት።

"እዚህ ጋ ነው የገባልህ" አልኩት።

መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። ድዴን አየ፣ ጆሮ ግንዴ ላይ ያለውን ስፌት አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። "ኧረ በእናትህ..." ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ጫማውን ትቶ ወጣ።

ሬዲዮኑን የምከፍተው ለዚህ ነው። ሕጉ ይጥበቅ የሚሉ ሰዎች ሲደውሉ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ ከእነሱ ጋር ነኝ። ያ ወጣት መሪ ላይ ሆኖ ስልክ መነካካት መንጃ ፈቃዱን ለዘለዓለም እንደሚያስነጥቀው ቢያውቅ ኖሮ፣ የሚያስቀውን መልእክት ቤቱ ገብቶ ያነበው ነበር። ሰዉም አጥፊ በሕግ እንደሚቀጣ ቢያምን፣ ምን ሆነ ብሎ ለመጠየቅ ትንሽ ይታገስ ነበር። ቅጣቱ ቀላል ነው እየተባለ በመጣ ቁጥር ግን የሰዉ እርግጫ እየከበደ ነው የሚሄደው፤ እሱ ደግሞ ሾፌርና ጫማ ሰሪ አይለይም።

ደንበኛዬ እስካሁን አልተመለሰም። ባለቤቴ ጫማውን አውጥተህ ጣለው ትለኛለች። አልጣልኩትም፤ ሥራዬ ነውና ሰፍቼ አስቀምጬለታለሁ። ይቅር ግን አላልኩትም።