አቤት ያልተባለ ጥሪ

እናቴ ስሟ ሲጠራ ቶሎ አቤት አትልም ነበር። መጀመሪያ ቀና ትላለች፣ የጠራትን ሰው ፊት ትፈልጋለች፣ ስታገኘው ነው "አቤት" የምትለው። የማያውቃት ሰው ጆሮዋ የደከመ ይመስለው ነበር። ጆሮዋስ ከእኔ ይሻል ነበር። ግን ሕጓ ነው፤ የሚጠራሽን ሰው ሳታዪ አቤት እንዳትዪ።

ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን ለልጆቿ የማትነግር እናት ጥቂት ናት። ጉና ጭጋጉን ሲለቅብን ከአጥር ወዲያ ያለውን ላም ከሰው መለየት አይቻልም፤ በእንዲህ ያለ ቀን የማይታይ ነገር ቢጠራህ ዝም በል ይባላል። ሌላው ቤት ግን ጠሪውን አያውቀውም፤ ሰይጣን ይለዋል፣ ያልፈዋል። እኛ ቤት ጠሪው የሚታወቅ ሰው ነበር።

የእናቴ ቅድመ አያት ፈረንጅ ነው። ጋፋት ላይ ለንጉሡ ብረት ከሚያቀልጡት አንዱ ነበር ይባላል። እዚሁ አገር ሚስት አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ፣ ንጉሡ ሲሞት ደግሞ ከፈረንጆቹ ጦር ጋር ሄደ። ልጅቱ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። እመለሳለሁ ብሎ ነበር ይላሉ፤ የሚሄድ ሰው ሌላ ምን ይላል? ሚስቱ አመነችው። አምናው ብቻ አልቀረች፤ ስሟ ከቤቱ እንዳይጠፋ ልጅቱን ቃል አስገባቻት። ልጅቱ አድጋ ስትወልድ የመጀመሪያ ሴት ልጇን በራሷ ስም ጠራች፤ ያቺም እንዲሁ። በእኛ አገር ልጅን በእናቷ ስም መጥራት የተለመደ አይደለም፣ ጎረቤት ሲገረም ኖሯል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነበር፦ ሰውዬው ሲመለስ ጠርቶ የሚያገኛት እንድትኖር።

የጠበቁትን ሰው መፍራት የጀመሩት መቼ እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አያቴ ሰምታዋለች፣ እናቴም ከልጅነቷ ጀምራ ትሰማዋለች። ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ጭጋጉ ሲወርድ፣ የወንድ ድምፅ በስሟ ይጠራታል። እኔ ሰምቼው አላውቅም። ስወለድ አባቴ "የሙት መጥሪያ ስም በቤቴ አላሳድግም" ብሎ ሌላ ስም አወጣልኝ፤ እናቴም በዚህ ነገር ተከራክራው አታውቅም። ስሙ ከእሷ ጋር ሊያበቃ ነበር።

ባለፈው ክረምት ጉልበቷ ሲከዳት ወደ እኔ ቤት አመጣኋት። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠን ምስር እየለቀምን ሳለ እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

"ሰማሽ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ቀርቧል። ድሮ ከወንዙ ማዶ ነበር። አሁን ከአጥሩ ሁኖ ነው።"

አጥሩን አየሁ። ጭጋግ እንጂ ምንም የለም፣ የጎረቤት ውሻ ግን ወደዚያው አቅጣጫ ቆሞ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ያናድደኛል። ድምፅ ሞገድ ነው፣ ጆሮ ሲያረጅ ከውስጡ የራሱን ድምፅ ይፈጥራል ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ።

"ሞገዱ ታዲያ ስሜን ማን ነገረው?" አለችኝ።

እሷም ምስሩን ትታ እጄን ያዘች። እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

"ልጄ፣ ሳልሞት አንድ ነገር ፈልጊልኝ። ምን ፈልጎ እንደሚጠራኝ። ሊወስደኝም ከሆነ ልወቀው። የማላውቀው ሰው ጋ መሄድ ፈራሁ።"

እናቴ ፈራሁ ስትል ሰምቼ አላውቅም። የዘር ፍለጋዬ የተጀመረው በዚህ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ጉና ግርጌ የሚኖሩት የእናቴ የአጎት ልጅ ጋ ነው። በዘመዱ መካከል ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው፤ ሙሽራና ሙሽሪት በየት በኩል እንደሚገናኙ ሳያስቡ ይናገራሉ። እስከ ገሳይ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ሄድኩ። ስደርስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገብሱን ከበግ እየጠበቁ ነበር። የመጣሁበትን ስነግራቸው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ እናቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን፣ ከዚያ ፈረንጁን። እዚያ ላይ ጣታቸውን አጠፉት።

"ከዚህ ወዲያ ያለውን የፈረንጅ አገር ሰው ይቁጠረው" አሉኝ።

"እርስዎስ ሲጠራ ሰምተውት ያውቃሉ?"

"እኔን ምን ብሎ ይጠራኛል? ስሙ የሴት ነው።" ወደ በጎቹ ዞሩ። "አያትሽ ግን ሊያርፉ ሰሞን እዚሁ እኛ ቤት ነበሩ። ከሰዓት ከሰዓት ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ይጠቀጥቁት ነበር። ምነው ብንላቸው፣ አቤት እንዳልል ነው አሉን።"

ስመለስ መንገዱን ሁሉ የበቅሎዋን ጆሮ ብቻ እያየሁ ወረድኩ። ግራ ቀኝ ማየት አላማረኝም።

ልጄ ፈረንጅ አገር ነው የሚሠራው። ለዕረፍት ሊመጣ ሲል ነገሩን በስልክ ነገርኩት፤ እሱም ምራቅ ተልኮለት ዘርን የሚመረምር ድርጅት አለ አለኝ። የዚያ ዓይነት ምርመራ ለዘመናት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምረው የኖርኩት ነው፤ ወደ ቤቴ ሲመጣ ግን ደጋግሜ አስረዳኝ አልኩት። ሲመጣ የያዘውን ትንሽ የምራቅ መቀበያ ብልቃጥ ለእናቴ አቀረብንላት።

"ምራቄን ለማን ነው የምትሰጡት? ለጠንቋይ?"

"ለሐኪም ነው፣ እምዬ" አላት ልጄ። ትንሽ ዋሸ።

ብልቃጡን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ልጅ እንደምትመርቅ እንትፍ እንትፍ አለችበት፣ "ያገናኛችሁ" ብላም መረቀችበት። ማንን ከማን እንደሆነ አልጠየቅናትም። ልጄ ብልቃጡን ይዞ ሄደ።

ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጄ ደወለና ዘመድ ተገኘ አለኝ። አንዲት አሮጊት ናት፣ ምራቋን ከእኛ ቀድማ የሰጠች፣ ደሟ ከእናቴ ደም ጋር የሚገጥም። እሷም የዚያው ሰውዬ ልጅ የልጅ ልጅ ናት። ሰውዬው አገሩ ገብቷል፣ ሌላ ሚስት አግብቷል፣ ሌላ ሴት ልጅ ወልዷል ማለት ነው። በውስጤ ተሳደብኩ። አራት ትውልድ ሴት የጠበቀችው ሰው ሞቆት ደምቆት እየኖረ ነበር።

አሮጊቷ በምስል እንድታነጋግረን ቀጠሮ ተያዘ። ሰዓቱ ቀትር ነበር፣ ፀሐይም ነበረ። ስልኩን ከውሃ ጆጉ ጋር አስደግፈን እናቴን ፊት ለፊቱ አስቀመጥኳት፤ ልጄ ከዚያ ሆኖ ያስተረጉማል። ምስሉ ተንገጫገጨ፣ ቆመ፣ ከዚያ ጠራ። ሁለታችንም ደነገጥን። የእናቴ ግንባር፣ የእናቴ አገጭ፣ የእናቴ ዓይን አገባብ። ሴትዮዋ፣ እናቴ ራሷ ወፍጮ ቤት ውላ ዱቄት ለብሳ የወጣች ትመስል ነበር። እናቴ ግራ ሲገባት የጆሮዋን ጫፍ ትይዛለች፤ ያን ጊዜም ያዘች። ሴትዮዋም በዚያው ሰዓት የራሷን ያዘች።

"እኔን ማን ወሰደኝ እዚያ?" አለች እናቴ ቀስ ብላ።

ሰላምታው አለቀ፣ ሴትዮዋ ማውራት ጀመረች። ልጄ እየተከተለ ይነግረናል። የምታወራው ስለ አያቷ ነው፤ ሰውዬው አገሩ ገብቶ ስለወለዳት ልጅ።

"አባቷ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆሞ በስሟ ይጠራት ነበር ትላለች" አለ ልጄ። "ልጅቱ እግሩ ስር ነው የምትቀመጠው። ይኸው አለሁ ትለዋለች። እሱ ግን እንደገና ይጠራል። እሷን አያይም ነበር፣ ሜዳውን አሻግሮ ነው የሚያየው።" ሴትዮዋን ሰምቶ ቀጠለ። "እስኪሞት እንዲሁ ነበር አለች። አያቷ አርጅታም ቢሆን፣ አባቴ ይጠራ የነበረው እኔን አይደለም ትላቸው ነበር። ማንን እንደነበር ግን አንድም ሰው አያውቅም። ስሙም ከማንም አገር ስም ጋር አይገጥምላቸውም፤ ትርጉሙን እናንተ ታውቁ እንደሆነ ብላ ነው ያገኘችን።"

"ስሟን ማን ነበር የሚሏት?" አልኩ።

ሴትዮዋ ጠራችው። ባዕድ ጉሮሮ ያወጣው፣ መጨረሻው የረዘመ፣ ግን የእናቴ ስም ነው።

እናቴ ስልኩን አላየችም። ወደ ተከፈተው በር ዞረች፣ ደጁ ላይ ማንም አልነበረም፤ "አቤት" አለች።

ከልጅነቴ ጀምሮ ስትከለክለኝ የኖረችውን ቃል ፊት ሳትፈልግ አወጣችው። ያስተማርኩት ባዮሎጂ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም፤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆምኩ። ልጄ በስልኩ ውስጥ "ምን አለች? ምን አለች?" ይላል።

"አጠራሩ ይኸው ነው" አለች እናቴ። "እንዲህ አድርጎ ነው የሚጠራኝ።" ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "ሊወስደን አልነበረም። ወይኔ፣ እኛ አፋችንን ይዘን።"

በማግስቱ መርዶ ይነገረኝ አለች። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት መርዶው ሳይነገር አይለቀስለትም፤ ለእሱ ደግሞ መርዶ የነገረ የለም። እኔ አፈርኩ፣ ምን ይሉናል ብዬ። እሷ ግን ቁርጥ አድርጋ ነው የተናገረችው። ጎረቤቶቼን ለመንኳቸው፤ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው መጡና ወጉን ጠብቀው ነገሯት። መቼ እንደሞተ ለማይታወቅ ፈረንጅ ሊያለቅሱ መምጣታቸው አስቋቸው ከነጠላቸው ስር የሚንሾካሾኩ ነበሩ። እናቴ ተነስታ ሙሾ ስታወርድ ግን ሁሉም ጸጥ አለ።

"ጠርተህ ጠርተህ ደከምክ ከሩቅ አገር ሆነህ፣
አቤት ባይ ታጣልህ ስንት ሴት ልጅ እያለህ።"

እኔም አለቀስኩ። ከጥቂት ቀናት በፊት በውስጤ የሰደብኩትን ሰው ነው ያለቀስኩለት።

ነገሩ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር፤ ዕንቅልፏ የሚመለስ፣ ፍርሃቷ የሚለቃት መስሎኝ ነበር። ፍርሃቱስ ለቀቃት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሪው ቆመ። ጭጋጉ በየቀኑ ይወርዳል፣ ውሻው ይተኛል፣ የሚጠራ የለም። እናቴም ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሸው ለኖረችው ድምፅ ወንበር አውጥታ በር ላይ መቀመጥ ጀመረች። ብርድ ነው ግቢ ስላት አትሰማኝም። እህል ቀነሰች፣ ሰውነቷ አለቀ።

"ለስልክ ነው አቤት ያልኩት" አለችኝ አንድ ቀን። "ለፈረንጇ። እሱ አልሰማኝም። ሳልመልስለት ሰለቸው።"

"እማዬ፣ ሰውዬው ከሞተ ስንት ዘመኑ" አልኩ፣ ትዕግሥቴ አልቆ።

"አውቃለሁ፣ መርዶዬን ሰምቻለሁ" አለችኝና ወደ ጭጋጉ ዞረች።

እንደዚያ ተቀምጣ ማየት አልቻልኩም። በጓሮ በር ወጣሁ፣ ቤቱን ዞሬ አጥሩ ጋ ደረስኩ። ጭጋጉ ወፍሮ የራሴን እጅ እንኳ በደንብ አላይም፣ እሷ ግን ወዲያ በኩል በሩ ላይ እንዳለች አውቃለሁ። እናትን በስም መጥራት ነውር ነው፤ በሕይወቴ አንድም ቀን ስሟ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ድምፄን አወፈርኩ፣ መጨረሻውንም እንደ ፈረንጇ አስረዘምኩና ጠራኋት።

"አቤት!" አለች። ድምፁ የአሮጊት አልነበረም፤ ደጅ ስትጫወት ቆይታ የተጠራች ልጅ ድምፅ ነበር። "አቤት! አቤት አባቴ! አለሁ!"

አፌን በሁለት እጄ ይዤ አለቀስኩ። ቆይቼ ዕንባዬን ጠራርጌ፣ ምንም እንዳልሰማ ሆኜ በፊት ለፊት በር መጣሁ። እናቴ ወንበሯ ላይ ነበረች፤ ጉንጯ እርጥብ ነው፣ ፊቷ ግን በርቷል። ቀና ብላ አየችኝ።

"የሱ ድምፅ ካንቺ ይከብዳል" አለችኝ። "ግድ የለም። እስኪ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ።"