ያልተደፋው የሰንበት ዝናብ

ባለፈው በጋ፣ ከቆሰበር ከተማ ዳር ባለው ግቢያቸው የዝናብ መለኪያ ከተተከለ ወዲህ፣ ወይዘሮ እታለማሁ አንድም ማለዳ ሳያዩት አልፈው አያውቁም። ሥራው ቀላል ነው፤ በብርጭቆው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ አንብቦ ቁጥሩን በስልክ ወደ ግብርና ባለሙያው መላክ፣ ከዚያም ውሃውን ደፍቶ መለኪያውን ባዶ ማድረግ። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ግን ወይዘሮዋን በጠዋት ከቤት የሚያስወጣቸው፣ አላፊ አግዳሚውንም «ዛሬስ ስንት ጣለ?» እያሰኘ በደጃቸው የሚያቆመው ይኸው ብርጭቆ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ባለሙያው በዛብህ ደወለ።

«እትዬ፣ ሰማዩ ለእርስዎ ጓሮ ብቻ ነው እንዴ የሚያዳላው? የእርስዎ ክረምት ከጎረቤት መለኪያዎች ሁሉ በልጧል።»

«እሱን ሰማዩን ጠይቀው፤ እኔ ተቀባይ ነኝ።»

በዛብህ ሳቀ፤ ቃሉን ግን አላለዘበም። ልዩነቱ ካልተብራራ መለኪያው ተነቅሎ ወደ ሌላ ሰው ግቢ ይሄዳል። ወይዘሮ እታለማሁ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። መለኪያው መነቀሉ ብቻ አልነበረም ያስጨነቃቸው፤ በሐሰት መጠርጠራቸው ጭምር እንጂ።

ቅዳሜ ዕለት፣ እንጅባራ ኮምፒዩተር የምትማረው የእህታቸው ልጅ ሀይማኖት በባጃጅ መጣች። ነገሩን ሰምታ ላፕቶፗን መደቡ ላይ ዘረጋች። የክረምቱን ቁጥሮች ከስልኩ እየገለበጠች፣ ጃቫስክሪፕት በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ «አሬይ» በሚባለው ረድፍ ውስጥ እንደ ዶቃ ሰካቻቸው። ከዚያም ማሽኑን ደምር አለችው። አንድ ትልቅ ቁጥር ወጣ፤ በዛብህ የጠረጠረው ቁጥር።

«በቃ? ክረምቱን ሁሉ ውጦ ይህችን ብቻ ተፋ?» አሉ አክስቷ።

«መጨረሻውን ብቻ ስለጠየቅሁት ነው፣ አክስቴ። በየቀኑ የደረሰበትንም እንዲያስቀምጥልን እናድርገው።»

ሌላ ባዶ ረድፍ ከፈተች። ማሽኑ የእያንዳንዱን ማለዳ ዝናብ እስከዚያ በተጠራቀመው ላይ ይጨምራል፤ ድምሩን ይዞ ወደሚቀጥለው ቀን ከመሻገሩ በፊትም አንድ ቅጂ በአዲሱ ረድፍ ጫፍ ላይ ያኖራል። ሀይማኖት እነዚያን ድምሮች በመስመር አያይዛ አሳየቻቸው።

መስመሩ በሰኔ መባቻ ከታች ተነሣ፤ ሐምሌ ላይ ዳገት እንደሚወጣ ፈረስ አንገቱን አሰገገ፤ ነሐሴን አልፎ ከላፕቶፑ ስክሪን አናት ደረሰ። ወይዘሮ እታለማሁ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በየማለዳው እየደፉ ጠፋ ያሉት ውሃ አልጠፋም። እያንዳንዱ ቀን የቀደሙትን ቀናት ሁሉ ተሸክሞ ቆሟል። በረዶ የወረደበት ቀን፣ ጎርፍ የጎመን መደባቸውን ጠርጎ የወሰደበት ቀን፣ ሁሉም በየቦታው አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ሁሉ በዚያች ብርጭቆ አለፈ?»

ሀይማኖት ግን መስመሩ ድንገት የሚዘልባቸውን ቦታዎች በጣቷ ትከተል ነበር። ሰኞ፤ ደግሞ ሰኞ፤ የማርያም ማግስት፤ የሚካኤል ማግስት።

«አክስቴ፣ እሑድ እሑድ ውሃውን ይደፉታል?»

«በሰንበት?» ወይዘሮዋ ተቆጡ። «ማየት ሥራ አይደለም፤ አይቼ ቁጥሩን እልካለሁ። መድፋት ግን ሥራ ነው! በበዓል ቀን እንኳን የመንግሥትን ውሃ የራሴንም አልደፋ!»

«ታዲያ ሰኞ የሚያነቡት የእሑዱንም ጨምረው ነዋ! የእሑዱ ዝናብ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ።»

ወይዘሮ እታለማሁ ሳቅ አመለጣቸው። ሀይማኖት ለማሽኑ አንድ ነገር ነገረችው፤ የትናንቱ ውሃ ያልተደፋ ከሆነ፣ ከዛሬው ንባብ ላይ የትናንቱ ይቀነስ። ዝላዮቹ ረገቡ፤ የመጨረሻው ቁጥርም ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀራረበ።

በዛብህ መጥቶ መስመሩን ከታች እስከ ላይ ሲያይ ቆየና፣ «እንግዲህ በበዓልም ይደፋሉ?» አላቸው።

«አልደፋም። ማሽኑ ካወቀው ምን ገደደህ?»

«እሺ፣ አለመደፋቱን ብቻ ይንገሩን።»

መለኪያው ባለበት ቀረ። በተከታዩ እሑድ ወይዘሮ እታለማሁ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቅዳሴ ሲወጡ ብርጭቆው ዘንድ ቆሙ። ቁጥሩን ላኩ፤ አጠገቡም «አልተደፋም» ብለው ጻፉ። ደወሉ እየጠራቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን እዚያች ጥቂት ውሃ ላይ ዐይናቸውን ተክለው፣ የክረምቱን ዝናብ ሁሉ ከበታቿ የሚያዩ ይመስል፣ ለመሄድ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው።