የእመት ዘነቡ ካባ

አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ የማልችል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የማመሸው ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለችው የእናቴ ልብስ ስፌት ቤት ነበር። እናቴ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ ወንድ አያቴ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። አያቴ ጎንደር ተወልደው፣ ከአባታቸው የተማሩትን ስፌት ይዘው ሐዋሳ የመጡ ሰው ነበሩ፤ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ግን መቀሱን ለእናቴ ለቀው የቀራቸው ወሬ ብቻ ነበር።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር እናቴ የከሰል ካውያዋን አልጣለችም። ሲመሽ ፍሙን ትጨምርበትና ሻማ ትለኩሳለች፤ የጋለው ብረት እርጥብ ጨርቅ ሲነካ የሚወጣው እንፋሎት ከከሰሉ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይከረክራል። አያቴ ስለ እመት ዘነቡ ማውራት የሚጀምሩት ይሄኔ ነው።

እመት ዘነቡ የአያቴ አባት ጥቁር የከፋይ ጨርቅ ካባ የሰፉላቸው የመኳንንት ወገን ነበሩ። በአያቴ ተረት፣ በወርቅ ክር የተጠለፈውን ካባ ደርበው፣ በቅሎ ላይ ተቀምጠው ገበያ መሃል ሲያልፉ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቃል፤ አንድ ምሽት የሞላ ወንዝ ይሻገራሉ፣ በሌላው ሽፍቶችን በዓይናቸው ብቻ ይመልሳሉ። እኔ ግን ተረቱ መሃል ብድግ እላለሁ፣ በር ላይ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ፣ ተመልሼ ቁልፍ የተጠራቀመበትን ቆርቆሮ እበትናለሁ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ሳላስፈቅድ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ድረስ ሄጄ፣ ከጀልባ ዓሣ ሲራገፍ ሳይ አምሽቼ ተገርፌያለሁ። በተረቱ የሚያበሳጨኝ ነገርም ነበር፤ አያቴ የካባውን ጥልፍ አንድ በአንድ እየዘረዘሩ የሴትዮዋን ፊት አንድም ቀን አልነገሩኝም። ስጠይቃቸው ፊቱን ትቼ ካባውን እንድሰማ ያዙኛል።

አንድ ቀን መቅበጥበጤ የሰለቻት እናቴ ከጎረቤት ግንባታ የተረፈ ማሰሪያ ሽቦ ሰጠችኝና፣ አያቴ ሲያወሩ የእመት ዘነቡን አሻንጉሊት እንድሠራ አዘዘችኝ። ሳምንት ሙሉ ሠራሁ። ሽቦውን እያጠፍኩ እግርና ወገብ፣ እየጠመዘዝኩ ትከሻና አንገት አወጣሁ፤ በአቡጀዲ ቁርጥራጭ ጠቅልዬ ገላ ካበጀሁላት በኋላ ነጭ ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አለበስኳት። ከሙሽራ ካባ የተረፈ ጥቁር ከፋይ አገኘሁና ደረብኩላት፤ ጠርዙን በቢጫ ክር ዘመዘምኩት። ሽቦው ጣቴን እየወጋኝ ሁለቴ አፍርሼ እንደገና ሠራኋት። አገጯን ቀና፣ አንገቷን ቀጥ አደረግሁት።

እንደጨረስኩ አያቴ እጅ ላይ አስቀመጥኳት። ጣቶቻቸው ከካባው ጠርዝ ጀምረው ቀስ እያሉ ወጡ፤ አንገቷ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እኔ ምስጋናዬን በአንድ እግሬ እየዘለልኩ እጠብቃለሁ።

«ካባው ልክ ነው» አሉ። «ሴትዮዋ ግን እንዲህ አልነበረችም።»

«እርስዎ ፊታቸውን መቼ ነገሩኝ?» አልኳቸው ተናድጄ።

እናቴ መኪናዋን አቆመች። አያቴ አሻንጉሊቷን ከእጃቸው ሳይለቁ፣ እመት ዘነቡን በዓይናቸው አይተው እንደማያውቁ ነገሩን። እመቤቲቱ ለልክ ወደ ልብስ ሰፊ ቤት አይመጡም ነበር። ቁመታቸው ከአያቴ እናት ጋር እኩል ስለነበር ካባው የተለካው በእሷ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ገና አራስ ነበረች። ጨርቁ በመርፌ ተይዞ ትከሻዋ ላይ ሳለ ከተንቀሳቀሰች ስለሚዛነፍ፣ ለቀናት እንደ ቋሚ እንጨት ቆማ ዋለች፤ ጥግ ላይ የተኛችው ሕፃኗ ስታለቅስ የምታዞረው አንገቷን ብቻ ነበር። ሕፃኗን እንዲያባብል የተቀመጠው የስድስት ዓመት ልጅ አያቴ ነበሩ።

«ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ አወራላት ነበር» አሉ። «ይቺ የቆመችው እናትሽ አይደለችም፣ ትልቅ እመቤት ናት፤ እናትሽ አሁን ትመጣለች እላታለሁ። በቅሎውንም ወንዙንም ያኔ ነው የፈጠርኩት።»

«እህት ነበረችዎት እንዴ?» አለች እናቴ። እስከዚያ ቀን ሰምታ አታውቅም።

«ካባው ሳያልቅ ሞተች።»

ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙና ጣቴን የሽቦው አንገት ላይ አሳረፉት። አብረን ጠመዘዝነው፤ ትከሻዋ ቀጥ እንዳለ ፊቷ ብቻ ወደ ጎን ዞረ። አያቴ እንደገና ዳሰሷትና ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። እናቴ ካውያው ውስጥ ያለው ፍም እስኪጠፋ ድረስ ሥራዋን አልቀጠለችም።

እመት ዘነቡ ከዚያ በኋላ በቅሎ ላይ አልወጡም። አያቴ ሌላ ሌላ ተረት እየጀመሩ መሃል ላይ ዝም ይላሉ፤ እኔም ዝምታውን እየፈራሁ «ከዚያስ?» እያልኩ እወተውታቸው ጀመር። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አረፉ።

ዛሬ እንጀራዬ ይኸው ሆኗል፤ ለሆቴል መግቢያና ለባህል ዝግጅት ካባ የደረቡ ወይዛዝርትና መኳንንት በሽቦና በጨርቅ እሠራለሁ። የሚያዙኝ ሰዎች ቀና ያለ አገጭ ይወዳሉ፣ እኔም እንደወደዱት አድርጌ አስረክባለሁ፤ ግን መርፌዬን ካስቀመጥኩ በኋላ ልቤ አያርፍም። ያን ሁሉ ምሽት አያቴ ሲያወሩ፣ አልቀመጥ ያልኩትን እኔን ማባበላቸው ነበር ወይስ አሁንም ሕፃኗን እህታቸውን? እስካሁን አልለየልኝም።