ሳቋ የተወሰደባት ልብስ ተኳሽ

ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ፏፏቴ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሳቋ ነው። ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ላይ ትንሽ ይቆምና፣ ሰው አለቀ ሲል እንደገና ይወርዳል። የማሽኖቹ ጩኸት እንኳን አይውጠውም። አጠገቧ የምትሠራው ባልደረባዋ፣ «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሳቅሽ ካውያው ሳይሰካ ይግላል» ትላታለች።

ሥራዋ መተኮስ ነው። የሆቴል አንሶላ፣ የሐኪም ጋዋን፣ የሙሽራ ቬሎ በእጇ ያልፋል። ኮሌታ ከጫፍ ወደ መሀል ይተኮሳል እንጂ ከመሀል ወደ ጫፍ አይተኮስም። እጅጌ ላይ ድርብ መስመር ከወጣ ለእሷ ነውር ነው፤ እንደገና ውኃ ረጭታ ትጀምራለች። ባሏ የቆሻሻ መኪና ላይ ይሠራል፤ ከኋላ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፣ በየበሩ ወርዶ በርሜል ይገለብጣል። ያለችውን አንዲት ደህና ሸሚዝ የምትተኩስለት ግን ለዳኛ እንደምትተኩስ አድርጋ ነው።

ከማጠቢያ ቤቱ ደንበኞች አንዱ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ነው። ስለ አንድ ችግረኛ ቤተሰብ የሚያስቅ ተከታታይ ኮሜዲ ይሠራል። የተዋንያኑን ልብስ የሚያመላልሰው አልባሹ ቀጭን፣ ተጫዋች፣ ደረቱ ላይ መርፌ ቁልፍ የደረደረ ሰው ነው። መጀመሪያ የመጣ ዕለት፣ የአባትየውን ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ አይቶ ጮኸባት።

«ኧረ እትዬ! እሱን እንዳትተኩሺው!»

«ምነው፣ ይቃጠላል?»

«አይ፣ የድሃ ነው።»

ካውያውን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። አልባሹ ሸሚዙን ተቀብሎ በሁለት እጁ ጨመደደው፤ አሸው፤ ከዚያ ዘርግቶ አሳያት። «እንዲህ ነው የምንፈልገው። ከላም አፍ የወጣ መምሰል አለበት።» ፊቱ ላይ ክፋት የሚባል ነገር አልነበረም። ሳቋ አመለጣት። አሁን የደነገጠው እሱ ነው።

«ወይ ጉድ! ይሄ ሳቅ እዚህ እንፋሎት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል? ቀረጻ ላይ የሚስቅ ተመልካች እንፈልጋለን። ነይና ሳቂልን።»

በእረፍቷ ቀን መሄድ ጀመረች። ፊት ለፊት ያስቀምጧታል። ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ ካውያ የለ፣ እንፋሎት የለ። ተቀምጦ መሳቅም ሥራ መባሉ ራሱ ያስቃት ነበር። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት አልባሹ አጠገቧ ተቀመጠና ጠየቃት።

«ባልሽ ከሥራ ሲመጣ ምን ለብሶ ነው የሚገባው?»

«እሱማ አይገባም» አለችው። ነገረችው። ባሏ ሲመጣ በጓሮ ይዞራል፤ የሥራ ልብሱን አውልቆ በቱቦ ይታጠባል። ትልቋ ልጅ በመስኮት ሳሙና፣ ትንሹ ፎጣ ያቀብሉታል። «ሰው ሆኛለሁ!» ብሎ እስኪጣራ ማንም አይነካውም። ያን ሲል ሁለቱም በሩን በርግደው አንገቱ ላይ ይንጠለጠላሉ። ይህን የነገረችው ከቤቷ ነገር ሁሉ አብልጣ የምትወደው ስለሆነ ነው። አልባሹም «ደስ ይላል» አለ።

ኮሜዲው በቴሌቪዥን ሲታይ አራቱም አብረው ተቀምጠው ነበር። የቴሌቪዥኑ አባት በዚያ በተጨማደደ ሸሚዝ፣ ራሱ ላይ የሙዝ ልጣጭ ተጣብቆበት መጣ። ሚስቱ በመስኮት «እንዳትገባ!» ብላ ጮኸች፤ ባልዲ ሙሉ ውኃ ደፋችበት። ልጆቹ አፍንጫቸውን በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጠዋል። ሰውየው ውኃው እየተንጠባጠበ «ሰው ሆኛለሁ!» አለ። ሚስቱ አንገቷን አውጥታ አሸተተችው።

«ገና ነህ!»

ሕዝቡ ሳቀ። ከሁሉ በላይ አንድ ሳቅ ተነሣ፤ ትንሽ ቆመ፤ እንደገና ወረደ።

«እማዬ! ያንቺ ሳቅ!» ብሎ ትንሹ በደስታ ዘለለ። ሳቀም። ትልቋም ተከትላ ሳቀች።

እሷ ግን አልሳቀችም። ይህን ትዕይንት አይታው አታውቅም። ባልዲውንም፣ መቆንጠጫውንም፣ ሙዙንም ገና አሁን ማየቷ ነው። ባሏ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ተናገረ።

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ።»

«የሳቀውስ?»

«እኔ አይደለሁም። ማለቴ… ሳቁ የኔ ነው፤ እኔ ግን አልነበርኩም።»

«እሺ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ባሏ መኪኖቹ ከሚያድሩበት ግቢ እየታጠበ፣ ጸጉሩ እንደረጠበ በፊት ለፊት በር ይገባ ጀመር። ልጆቹ ሳሙናና ፎጣ ይዘው መስኮቱ ሥር ጥቂት ቀን ጠበቁ፤ ኋላ ተዉት። እሷን በክፉ ቃል አልተናገራትም። ያናግራታል፣ የሰጠችውን ይበላል። ቀልድ ስትነግረው ግን፣ እንግዳ ሰው እንዳነጋገረው ሁሉ፣ አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። ትኖርበት የነበረው ቤት ይህ አልነበረም። አልሳቅሁብህም ብትለው እንዲያምናት፣ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ስቱዲዮ ሄዳ ድምፅ የሚያቀናብረውን ወጣት አገኘችው። በአክብሮት ወንበር ሳበላት።

«ያቺ ክፍል ያለ ተመልካች ነው የተቀረጸችው፤ ሞተችብን። ያንቺን ሳቅ ስናስገባባት ነፍስ ዘራች።»

«ከየት ያመጣችሁትን?»

ከፈተላት። የአባትየው ሰው ሠራሽ ጺም ሳይታሰብ ሾርባው ውስጥ ሲወድቅ፣ ያን ጊዜ የሳቀችው ነው። ወጣቱ ደስ እያለው ሌሎቹንም አሰማት። ልጁ ከእግሩ የሰፋ የወንድሙን ጫማ አድርጎ ሲሮጥ፣ የእሷ ሳቅ አለ። አባትየው የልጁን መምህር ሊያነጋግር ሄዶ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ፣ እዚያም አለ። ያልተቀመጠችበት ቦታ ሁሉ ተቀምጣ ስቃለች።

«ይሄኛው ግን ከቦታው ነው» አላት። «እዚያው ነበርሽ።»

እናትየዋ ያለቀ የሻምፑ ጠርሙስ ውስጥ ውኃ ጨምራ ትበጠብጣለች። ፏፏቴ አስታወሰችው። ዕንባዋ እስኪወርድ የሳቀችበት ነው። ዛሬ ጠዋት የልጆቿን ራስ ያጠበችውም ያለቀ ጠርሙስ ውስጥ ውኃ ጨምራ፣ ልክ እንደዚህ በጥብጣ ነው። ያን ዕለት እዚያ ለስላሳ ወንበር ላይ ሆና ይህ አንድም ጊዜ ትዝ አላላትም። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

«አጥፋልኝ» አለችው።

«እትዬ፣ እኔ ባጠፋው የወጣው ወጥቷል። ደግሞ ካሉን ሳቆች ሁሉ ከልብ የሆነው ያንቺ ነው እኮ!»

ማታ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። ጺሙን፣ ሾርባውን፣ ሻምፑውንም አልደበቀችም። እሱ ጫማውን እየፈታ ሰማት።

«ሳቅ ከባለቤቱ ተለይቶ ብቻውን ይሄዳል? እሱን ለሕፃን አውሪው።»

ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ነቀለችው። ወደ ስቱዲዮም ተመልሳ አልሄደችም። አልባሹ ልብስ ሲያመጣ ባልደረባዋ ትቀበለዋለች።

አንድ ምሽት እራት ላይ ነበሩ። ሩዝ በሾርባ። ከጎረቤት፣ በስሱ ግድግዳ ወዲያ፣ የኮሜዲው ሙዚቃ ተሰማ፤ ከዚያ ንግግር። ቃሉ አይለይም። እሷ ገና መጉረሷ ነበር።

ሳቁ መጣ። ተነሣ፤ ትንሽ ቆመ።

ባሏ ቀና ብሎ አፏን አየ። አፏ ሙሉ ነው፣ ከንፈሯም ገጥሟል። ሳቁ ከግድግዳው ወዲያ እንደገና ወረደ፤ የእሷ ፊት ግን አልተንቀሳቀሰም። ግድግዳውን አየ፤ መልሶ እሷን አየ። ማንኪያው ከእጁ ሳሕኑ ላይ ወደቀ።

«እንዴ!» አለ፣ በሹክሹክታ።

ትንሹ ሳቀ። ትልቋም ፈገግ አለች።

«ምን ያስቃችኋል?» አለ አባታቸው።

«እንጃ» አለ ትንሹ። «እማዬ ስትስቅ ነዋ።»

ባሏ ተነሥቶ ወንበሩን ጎተተና አጠገቧ፣ ትከሻው ትከሻዋን እስኪነካ ድረስ ተጠግቶ ተቀመጠ። ከግድግዳው ወዲያ ንግግሩ ቀጠለ። ያ የቴሌቪዥን ቤተሰብ አሁን ምን እየሆነ እንደሆነ አይሰማም፤ ሁለቱም ግን ጆሯቸውን አቅንተው የሚቀጥለውን ሳቅ ይጠብቁ ነበር።