ሀውራ አውድማውን ስትሰብር

ከሐይቅ ከተማ ወደ አምባሰል አቅጣጫ ወጣ ብሎ ባለው መንደር የሀውራን ቤት የጠየቀ ሰው፣ "ያቺ አፈር የምትነፋዋ?" ይባላል። ስድብ መሆኑን ታውቃለች። ወንፊቷን ግን አንድ ቀን ደብቃ አታውቅም።

ስድስት ዓመት ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ፣ ሰው ቤት ስትሠራ፣ ከማድ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት የአሠሪዎቿ ፈረሶች የሚገሩበት አሸዋማ ሜዳ ነበር። አንድ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ውሃ ይረጨዋል፤ ባለ ጥርስ መቧጠጫ ይዞም ይደለድለዋል። ሀውራ ሳህን እያጠበች ታየዋለች።

አገሯ ስትገባ አባቷ ሞቷል። የጠበቃት፣ ሰርግ በመጣ ቁጥር ሙሽራ የሚሸከመው ዳማ ፈረሱ ነው። "እኔው እዚያ እንዳየሁት እገራዋለሁ" አለች። የሐይቁን ዳር ደቃቅ አሸዋ በአህያ አስጫነችና የጓሮው አውድማ ላይ አፈሰሰችው።

አውድማ ደግሞ የታወቀ ነው፤ እህል እንዳይቀርበት ተረግጦ፣ በእበት ተለቅልቆ እንደ ሳህን የለሰለሰ። የሰኔ ዝናብ እንደጣለ አሸዋው ከነውሃው ልቅላቂው ላይ ተንሸራተተ። ዳማው ጥጉ ጋ ሲታጠፍ እግሩ ከዳውና ጉልበቱ ተላጠ። ሀውራም ከኮርቻው ተወርውራ ወደቀች።

የአውድማው ግማሽ የአጎቷ የአሕመዲን ድርሻ ነው። አጥሩን ተደግፎ ሳቀ።

"አንቺ ልጅ፣ ዐረብ አገር የከረምሽው ፈረስ ይዘሽ ነው መጥረጊያ?"

"መጥረጊያ ይዤ ነው፣ አያ። ለዚህም የሚያስፈልገው እሱው ነው።"

"እንግዲያው ስሚኝ። ነሐሴ ሳይወጣ አንዴ ከደገመው፣ ፈረሱ ለጋሪ፣ ቦታው ለባሕር ዛፍ!"

"ካልደገመውስ?"

"ወላሂ አፌን እይዛለሁ።"

ሀውራ ዳማው የወደቀበትን ቦታ በጣቷ ጫረችው። አሸዋው ከላይ ረጥቧል፤ ከሥሩ ያለው ግን ያው ልስልሱ አውድማ ነው። ያኔ ገባት። ከመስኮቱ ያየችው የላዩን ብቻ ነበር፤ የታቹን ማንም አላሳያትም። ዶማ አነሳች።

እናቷ መስኡዳ እየጮኸች ወጣች። "የአባትሽ እጅ የለቀለቀውን!"

"አባቴ የለቀለቀው ለጤፍ ነው፣ እማ። ጤፍ ጉልበት የለውም።"

አውድማውን ሰብራ ወደ ገደሉ በኩል ዘቅዘቅ አደረገችው። ዙሪያውን ቦይ ቆፈረች። መንገድ ላይ የሚደፋውን ገረጋንቲ አልብሳ ደጋግማ ረገጠችው። ከላዩ በወንፊት የነፋችውን አፈር ከሻካራ የወንዝ አሸዋ ጋር ቀላቅላ አራት ጣት ያህል አለበሰችው። ከዚያ ከበዛ ፈረሱ እየሰመጠ ጅማቱን ይጎዳዋል። በየማለዳው ፋንድያውን ትለቅማለች፤ ኮቴ የቦረቦረውን ትሞላለች፤ ሲደርቅ ውሃ ትረጫለች። ሐምሌን ሙሉ መንደሩ ሲስቅ እሷ በባለ ጥርስ መቧጠጫዋ ደለደለች።

ነሐሴ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ አሕመዲን ገመድና ችካል ይዞ መጣ። ቦታውን ሊለካ ነው። ሀውራ ዳማውን ኮርቻ ጫነችለትና ወጣችበት። ሶምሶማ አስኬደችው፣ ቀጥላ ጋለበችው፤ ያው ጥግ ላይ ሦስት ጊዜ አጠፈችው። ውሃው ወደ ቦዩ ይወርዳል፤ ኮቴው ትንሽ ሰመጥ ብሎ ይይዛል። ዳማው አልወደቀም።

አሕመዲን ገመዱን ጠቀለለና ሜዳውን መሃል ለመሃል አቋርጦ ወደ በሩ አመራ። የፕላስቲክ ጫማው ዱካ ከኋላው ተደረደረ።

"አያ!" ወርዳ መቧጠጫውን ዘረጋችለት። "ዱካዎን ደልድለው ይውጡ።"

ሊናገር አፉን ከፈተ።

"ወላሂ ብለዋል" አለችው።

አፉን ገጠመ። ችካሉን መሬት ላይ ጣለና ከመጀመሪያው ዱካው ጀምሮ መደልደል ያዘ።