የሊፍቱ ቁልፍ በኢንጂነሯ ኪስ

ላፍቶ ውስጥ አንድ ረጅም ፎቅ ሲሠራ እኔ ከቀለም ቀቢዎቹ ጋር ነበርኩ። ሠራተኛ የሚያወጣና የሚያወርደው ሊፍት ከሕንፃው ውጭ በኩል ቆሟል፤ በብረት ምሰሶ ላይ የሚሮጥ፣ ዙሪያው ወንፊት የሆነ ሳጥን ነው። ሕንፃው ባደገ ቁጥር ምሰሶውም ይቀጠላል፤ እንዳይወዛወዝ ደግሞ በየጥቂት ፎቁ ከሕንፃው ጋር ይታሰራል። እኔ ግን ስለ ማሰሪያው አስቤ አላውቅም። ገብቼ እቆማለሁ፣ በሩ ይዘጋል፣ እወጣለሁ፤ በቃ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስንደርስ በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። የቆለፈችው የደህንነት ኢንጂነሯ ነበረች። ከመጣች ብዙም አልቆየችም፤ ሻርፗን ከሄልሜቷ ሥር ጥብቅ አድርጋ የምታስር፣ ስትናገር ድምጿን ከፍ የማታደርግ ወጣት ናት።

«ኧረ ኢንጂነር፣ ሰው ሥራ ይግባ እንጂ!» አላት ፎርማናችን።

«በደረጃ ይግባ። ቅዳሜ ምሰሶው ሲቀጠል የላይኛውን ማሰሪያ ብሎኬት ላይ ነው ያሰሩት። ሶሌታው ላይ፣ የወለሉ አርማታ ላይ መሆን ነበረበት።»

ያሰሩት ልጆች ክፋት አልነበራቸውም። የሶሌታው ጠርዝ ገና በጣውላ ተሸፍኖ ስለነበር፣ ቅርብ ያገኙትን ግድግዳ በስተው ቡሎኑን አጠበቁበት። ከታች ላየው ምንም አይልም።

እኛ የቀለም ባልዲያችንን ተሸክመን ደረጃውን ተያያዝነው። ጉልበታችን ሲዝል ማጉረምረም ጀመርን። አንዷ ጓደኛዬማ «ይቺ ልጅ ከእንጀራችን ጋር ምን አጣላት?» አለች።

ረፋዱ ላይ ሥራ አስኪያጁ መጣ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ ይጮሃል።

«ዓርብ ሲሠራ የዋለ ሊፍት ዛሬ ምን ነካው?»

«ዓርብ ምሰሶው እዚህ ድረስ አልነበረም» አለችው። «በተቀጠለ ቁጥር ማሰሪያው ሳይፈተሽ ሰው አይጫንም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ቡሎን አይዝም። ሊፍቱ ሰው ሞልቶ እዚያ ቢደርስ ምሰሶው ወደ ውጭ ሊሳብ ይችላል።»

«ቁልፉን አምጪ!»

«ካልተስማማዎት ሌላ ሰው ይቅጠሩ። ቁልፉን ግን አልሰጥም። መጀመሪያ አብረውኝ ይውጡና በዓይንዎ ይዩት።»

ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ተከተላት። እኛም ባልዲያችንን አስቀምጠን ከኋላ ወጣን። ላይ ስንደርስ እሷ ያስጠራችው የሊፍት መካኒክ ከቡሎኖቹ አንዱን በመፍቻ ያዝ አድርጎ ገና ከማዞሩ፣ ቡሎኑ ከነብሎኬቱ ስባሪ ተነቅሎ መጣ። አቧራው ቦነነ። ሥራ አስኪያጁ ቀዳዳውን በጣቱ ነካ፣ ወደ ታች ተመለከተ፣ ከዚያ ፎርማኑን «ጣውላውን አስነሣ» አለው። ድምፁ ቅድም የጮኸውን ሰው አይመስልም።

ሶሌታው ተገልጦ አርማታው ተበሳ፤ ማሰሪያው በአዲስ ቡሎን ታሰረ። እሷ የደህንነት ቀበቶዋን ታጥቃ የላይኛውን ብቻ ሳይሆን ከታች ጀምሮ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ያጠፉትን ልጆች አንድም ክፉ ቃል አልተናገረቻቸውም፤ አጠገባቸው ቆማ ቡሎኑ የት መግባት እንዳለበት ታሳያቸው ነበር። በመጨረሻ፣ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሊፍቱ ሲሚንቶ ተጭኖበት ሰው ሳይኖርበት ደጋግሞ ወጣ፣ ወረደ።

«አሁን ማን ይወጣል?» አለች፣ ቀድማ እየገባች።

ሁሉም ተያየ። እኔ ገባሁ።

በወንፊቱ በኩል የላፍቶ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ወደ ታች ሲሰምጡ፣ የፉሪ ተራራ ደግሞ ብቅ ሲል አየሁ። ጎን ለጎን ቆመናል።

«ያን ዕለት ሰውየውን አልፈራሽውም?» አልኳት።

ሳቀች። «ፈርቼ ነበር እንጂ! ደረጃውን የወጣሁት ግድግዳ ይዤ ነው። አላየሽም እንዴ?»

አላየሁም። እኔ ያየሁት ቀጥ ብላ የቆመች ሴት ነው፤ ይሄን ከነገረችኝ በኋላማ ይበልጥ ገዘፈችብኝ። ላይ ስንደርስ በሩን ከፈተችልኝና ሌሎቹን ልታመጣ ተመልሳ ወረደች።