እጁ ደሴ የቀረ ሹፌር

ባሌ፣ ስሙ ምንያህል ነው፣ መቀመጥ አይችልም። ወንበር ሲያቀርቡለት አመስግኖ ይቀመጣል፤ ከዚያ ጉልበቱ መርገብገብ ይጀምርና ወሬው ሳያልቅ መስኮት አጠገብ ቆሞ ይገኛል። ትራም ውስጥ ባዶ ወንበር ሞልቶ እሱ ከነጂው ኋላ ይቆማል። ፌርማታ ሲቃረብ እግሩን ልብ ብላችሁ ብታዩት ወለሉን ይጫናል። ፍሬን እየያዘ እኮ ነው። «ደመወዝ የሚከፈለው ሰውዬው ነው፤ አንተን ምን አገባህ?» እለዋለሁ። አይሰማኝም።

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከደሴ አዲስ አበባ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቷል። የጣርማበርን ቁልቁለት በጉምም በዝናብም ሲወርድ አንድ ተሳፋሪ እንኳ ተጭሮበት አያውቅም። እኔ ቀድሜ ፍራንክፈርት መጥቼ ቦርንሃይም የሚባል ሰፈር ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ ያዝኩ፤ ወረቀቴ ሲስተካከል እሱን አስመጣሁት። አሁን ጋሉስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ይዞት የመጣው መንጃ ፈቃድ እዚህ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የስንት ዓመት ሹፌርም ቢሆን ትናንት ከትምህርት ቤት እንደወጣ ጎረምሳ ከሀ ብሎ ይፈተናል። የጽሑፉን አለፈ። መኪና ላይ ሲወጣ ግን ወደቀ። ደገመ፣ ወደቀ። ሠለሰ፣ ያው ነው። እስከዚያው ኤርፖርት የአውሮፕላን ወንበር ያጸዳል። ለእሱ የተፈጠረ ሥራ ነው፤ ሌላው የሚቀመጥበትን ይጠርጋል እንጂ አይቀመጥበትም።

አወዳደቁን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጊዜ አንዲት ጠባብ መታጠፊያ ላይ ክላክስ አደረገ። ጣርማበር ላይ ከመታጠፊያ በፊት ክላክስ ያላደረገ ሹፌር ነፍሰ ገዳይ ነው፤ እዚህ ግን አንዲት አሮጊት ከነውሻቸው ዘለሉ፣ ከኋላ የተቀመጠው ፈታኝም ቅንድቡን ሰቀለ። ሁለተኛው ጊዜ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አንገቱን አዙሮ አላየም። ለምን ያያል? ያን ሁሉ ዓመት ቀኙን የሚያይለት ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሳበው! ያዘው! ነጻ ነው!» ሲለው ኖሯል። ፍራንክፈርት ረዳት የለም። ብስክሌተኛ ግን አለ።

ሦስተኛውን ሳስበው ልሳቅ ወይ ላልቅስ እስካሁን ግራ ይገባኛል። ፍራንከንአሌ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደርስ ደወሉ ተደወለ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ የጀርመኖቹ ነው። እጁ ግን ይህን ሳይጠይቅ ከመሪው ተነሣ። አገሩ እንደለመደው ጎንበስ ብሎ አማተበና ተሳለመ። ቀና ሲል አንዲት እናት የሕፃን ጋሪዋን ይዛ ዜብራው ላይ ገብታለች። አጠገቡ የተቀመጠው የመኪና አስተማሪው በራሱ በኩል ያለውን ፍሬን በሁለት እግሩ ረገጠው።

ማታ ጃኬቱን ሳያወልቅ ከበር እስከ መስኮት እየተመላለሰ፣ «እፁ፣ ለእግዚአብሔር ሰላምታ ሰጥቼ ሰው ልገድል ነበር» አለኝ።

አመል ያወጣል ከመሀል ይባል የለ? እሱን አመሉ ከመንገዱ መሀል አወጣው። እኔንም አሳፈረኝ፤ አልዋሽም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሴቶቹ «ያ ሹፌር ባልሽ እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ ጫማዬን የማስተካክል መስዬ ጎንበስ እላለሁ።

ጉዳዩ ግን ከማፈር አለፈ። አንድ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት፣ መንጃ ፈቃድ ያለውን ሰው ደመወዝ እየከፈለ አውቶቡስ መንዳት ያሠለጥናል። ምንያህልን አነጋግረው ወደውታል። ሥልጠናው በመስከረም ይጀምራል፤ እስከዚያ መንጃ ፈቃዱን ካላመጣ ቦታው የሌላ ሰው ነው። የተገኘው የፈተና ቀጠሮ ደግሞ የነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ብቻ ነው። በሌላ በኩል የደሴው የአውቶቡስ ባለቤት ጋሽ አድነው እሑድ እሑድ ይደውላሉ። «መሪውን ለሌላ አላስያዝኩም፤ አንተን እየጠበቀ ነው» ይሉታል። ይዞት የመጣው ሰማያዊ ሻንጣ እስከ ዛሬ ሳይፈታ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ግማሹ የሹፌርነት ልብሱ ነው።

«ይሄኛው ፕሩፉንግ የሚሉት ፈተና ካልሆነ አገሬ ገብቼ ሥራዬን እሠራለሁ» አለኝ አንድ ቀን።

«እኔንስ?»

«አንቺማ ሥራሽ እዚህ ነው።»

ይህን ብሎ ቆሻሻ ሊጥል ወረደ። ቆሻሻ መጣያው ባዶ ነበር። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሌ ጥሎኝ እንዳይሄድ ፈራሁ።

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ጋሽ ኢርሻድ የሚባሉ፣ ላሆር ከሚባል ከተማ የመጡ ሰው ይኖራሉ። ፍራንክፈርት ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ስለሞተች ብቻቸውን ናቸው፤ ብቻቸውን ክሪኬት ከሚባለው የዱላና የኳስ ጨዋታ ጋር። ምንያህል ቤት ውስጥ መቆም ሲሰለቸው እሳቸው ዘንድ ሄዶ መቆም ጀመረ። በጀርመንኛ ይግባባሉ፤ ሁለቱም ስለሚሳሳቱ አይተራረሙም።

የመጀመሪያ ቀን ሲወርድ ዐይኑ ፈጥጦ ነበር። «አምስት ቀን! እፁ፣ አንድ ጨዋታ አምስት ቀን! ደግሞ መሀል ላይ አቁመው ሻይ ይጠጣሉ!»

«ታዲያ አንተ አምስት ደቂቃ መቀመጥ የማትችለው ምን ይሠራልሃል?»

«ቆሜ ነው የማየው» አለ።

የጋሽ ኢርሻድ አገር ቡድን በዚያ ክረምት እንግሊዝ ሄዶ ቴስት የሚሉትን ይህን ረጅም ጨዋታ ሦስት ጊዜ ሊጫወት ነው። የመጀመሪያውን ተሸነፈ። አገራቸው ላይ እኮ እነዚህኑ እንግሊዞች አሸንፈው ልከዋቸዋል። ምንያህል ይህ ነገር አበሳጨው። ለምን እንዳበሳጨው እኔ ገባኝ፤ እሱን ግን አልገባውም። «ፈሪዎች ናቸው» ብሎ ፈረደ። «ባሕር ሲሻገሩ ልባቸው ይቀልጣል።»

ጋሽ ኢርሻድ ሻያቸውን አስቀመጡ። «አንተስ? አሥራ ስድስት ዓመት የነዳህ ሰው እዚህ ሦስት ጊዜ የወደቅኸው ፈርተህ ነው?»

ምንያህል ደህና ሁኑ እንኳ ሳይል ወረደ። ሽማግሌውን ስንት ቀን አኮረፋቸው። ኩርፊያው እሱን ጎዳው እንጂ እሳቸውን አልጎዳም፤ መቆሚያ አጣ። ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን መታች። ሁለተኛው ጨዋታ ሲጀመር አላስችል አለው። «አብረን እንውጣ፤ አንቺ ካለሽ አይቆጡም» አለኝ። ሽምግልና መሆኑ ነው።

ጋሽ ኢርሻድ በሩን ከፍተው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ግቡ፣ እየተሸነፍን ነው» አሉ።

እኔ ስለ ጨዋታው የማውቀው የለም። አንዱ ይወረውራል፤ ሌላው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በዱላው ይጠብቃል፤ የመታትን ኳስ መሬት ሳትነካ ከቀለቧት ይወጣል። ይህ ይበቃኛል። ዱላ የያዘው ጎልማሳ፣ አገሩ ላይ አንበሳ የተባለ ሰው ነው አሉ። ኳሷ መጣች፣ እጁን ሰደደ፣ የዱላውን ጠርዝ ነክታ ከኋላው ተቀለበች። ወጣ። ጋሽ ኢርሻድ ከቀናት በፊት የወጣበትን ደግሞ ስልካቸው ላይ አሳዩን። ያው እጅ፣ ያው ጠርዝ፣ ያው አወጣጥ።

«እጁን እዩት» አሉ። «እኛ አገር መሬቱ ደረቅ ነው። ኳሷ ዝቅ ብላ ቀጥ ብላ ትመጣለች፤ እጅህን ወደ እሷ ስትሰድ ታገኛታለህ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የመታው። እንግሊዝ ሣሩ እርጥብ ነው፣ ሰማዩ ደመና ነው፤ ኳሷ መጨረሻ ላይ ትታጠፋለች። ስትታጠፍ እጁ ቀድሞ ሄዷል። ፈሪ አይደለም። ጭንቅላቱ እንግሊዝ ደርሷል፣ እጁ ግን ገና ላሆር ነው።»

ምንያህል ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ መዳፉን አየው።

«ለምን አያለማምዱትም?» አለ ቆይቶ።

«መቼ? በአንዱ ሳምንት ገብተው በሚቀጥለው ይጫወታሉ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኩ በአማርኛ። ምንያህል ተረጎመላቸው፤ እያበላሸ።

ቀጥሎ አንድ ቀጭን ወጣት ገባ። እሱ ምንም አላደረገም። ኳሷ ስትመጣ ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ ያሳልፋታል። እንደገና ያሳልፋታል። እኔ ሰለቸኝ፤ ጋሽ ኢርሻድ ግን ሊያለቅሱ ደርሰዋል። «ይሄ ልጅ እንግሊዝ ገጠር ቤት ተከራይቶ ሁለት ክረምት ተጫውቷል። መተው የተማረው እሱ ብቻ ነው። የሌሎቹ የመመለሻ ቲኬት ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ነው የሚጫወቱት።» ከዚያ ባሌን ቀና ብለው አዩት። «እኔም ስድስት ዓመት ሻንጣዬን አልፈታሁም። ስድስቱንም ዓመት የማልረባ ታክሲ ነጂ ነበርኩ።»

ስለ እኛ ሻንጣ የነገራቸው የለም። እኔ ምንጣፉን አየሁ፣ ምንያህል መስኮቱን።

ቤት ስንገባ ግን ተነሣብኝ። «ምን ላድርግ ነው የምትሉኝ? ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም እንደ አረመኔ ልለፍ?»

«በልብህ ተሳለም። እግዚአብሔር የሕፃን ጋሪ ገጭተህ ሰላም በለኝ አላለህም።»

«እጄ እሺ አይልም።»

«እጅህን እሺ አሰኘው እንግዲህ!»

ጮኼ ነበር። መጥረጊያው ከታች ኳ ኳ አለ።

ከማግስቱ ጀምሮ ያደረገውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከሱፐርማርኬት ጋሪ አውጥቶ፣ ሁለት እጁን መያዣው ላይ ተክሎ፣ ፍራንከንአሌን ሽቅብ ቁልቁል መመላለስ ጀመረ። መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አንገቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ያያል። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርስ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እጁ ግን ጋሪውን አይለቅም። አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። ደወሉ ሲደወል ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ ጨምድዶ ያዘው። አሳዘነኝ። ሰው ክፉ አመሉን ሲተው ይመሰገናል፤ ደግ ልማዱን ሲያስሩበት ማየት ግን ያማል። ጀርመኖቹ ባዶ ጋሪውን አይተው መንገድ ለቀቁልን።

የፈተናው ቀን ሐሙስ ነበር። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት ቀረሁ። በሩን ዘግቶ ሲወጣ እረፍት ማጣቱን እኔ ላይ ጥሎት ሄደ። ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር። የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና አጠብኩ። ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ ልደብቀው አሰብኩ፣ ተውኩት። ያለ ሻንጣስ ሰው አይሄድም?

የደረጃው ኮቴ ሲሰማኝ በሩን ከፈትኩ። እየሮጠ አልመጣም፤ አንድ በአንድ እየረገጠ ነው የወጣው።

«ሰጡኝ» አለ።

እልልታዬ ከምድር ቤት እስከ ጣራ ተሰማ። የታችኛዋ ጎረቤት መጥረጊያዋን እንደያዘች ወጣች። ጋሽ ኢርሻድ ስልካቸውን ይዘው ከላይ ብቅ አሉ፤ ሦስተኛው ጨዋታ በዚያው ቀን ተጀምሮ ቡድናቸው ገና በመጀመሪያው ቀን ተፍረክርኳል። «ግድ የለም» አሉ ባሌን አቅፈው። «ከሁለታችን ቡድን አንዱ በሰው አገር አሸነፈ።»

ምንያህል ግን ሻይ እንኳ ሳይጠጣ «እንውጣ» አለኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም። ፍራንከንአሌ ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቷል። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ሦስት ጊዜ ሰገደ፣ አማተበ፣ ድንጋዩን በግንባሩ ነካው። መንገደኛው ያየዋል። እኔ ግን በዚህ አላፈርኩም።

ከዚያ ዛፎቹ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን አየሁት። አይርገበገብም። መጠየቅ የፈራሁትን ያኔ ጠየቅኩት።

«እሑድ ጋሽ አድነው ሲደውሉ ምን ልትላቸው ነው?»

«አይደውሉም።»

«ለምን?»

«ደውዬ አውቶቡሱን ለሌላ ሰው ስጡ አልኳቸው። አትጠብቁኝ፣ ፈተናውን ባልፍም ብወድቅም እዚሁ ነኝ አልኳቸው።»

«መቼ?»

«ሰኞ» አለኝ።